ጭስ አልባ ጠግቦ የተጫወተበት የጋሸና እሑድ

ጎህ ሲቀድ፣ ላሊበላ

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ውስጥ አሥራ አራት ተጫዋች፣ አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ሹፌር፣ አንድ ኬሻ ማሊያ እና እኔ አለን። ገና አልነጋም፤ ዶሮዎቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ፣ እኛ ቁምጣ ለብሰን መኪና ላይ እንወጣለን። አንዲት እናት በመስኮት አይተውን ቆሙ።

«ልጆቼ፣ በዚህ ብርድ እግራችሁን አራቁታችሁ ምን ፍለጋ ነው?»

«ሦስት ነጥብ ነው እናቴ!» አላቸው በረኛችን ሰይድ።

«እግዜር ይስጣችሁ» ብለው አለፉ። ለማኝ መስለናቸው ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ጸዳለ እባላለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ባለፈው በክለባችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ስለ አንድ ጨዋታ ጽፌ ነበር፤ ያነበባችሁ ታስታውሱኛላችሁ፣ ያላነበባችሁ ደግሞ ብዙ ቀርቶባችኋል። አሰልጣኛችን መምህር ካሳሁን አንብበው ሲስቁ ቆዩና «አንቺ ልጅ ጋሸና ከእኛ ጋር መሄድ አለብሽ። ብንሸነፍ እንኳን አንቺ ስትጽፊው ያምራል» አሉኝ። እናቴ ግን «ከዚህ ሁሉ ወንድ ጋር? በጭራሽ!» አለች። ያወጣኝ አጎቴ ሞላ ነው። የቡድኑ አምበል ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም።

«እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች?» አላት ደረቱን ነፍቶ።

«አንተንስ ማን ይጠብቅህ?» አለችና ሳቀች። ሳቀች ማለት ፈቀደች ማለት ነው፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ሮጬ ጫማዬን አደረግኩ።

ክለባችን «ጭስ አልባ» ይባላል። ስሙን ያወጡት የከተማችን አስጎብኚዎች ናቸው፤ ቱሪዝም ጭስ አልባ ኢንዱስትሪ ነው ስለሚባል። አሁን ግን ከተጫዋቾቹ ግማሹ፣ አጎቴም ጭምር፣ ባጃጅ ነጂ ነው። ልምምድ ሲያልቅ ሁሉም ባጃጁን በአንድ ጊዜ ሲያስነሳ ሜዳው ለትንሽ ጊዜ አይታይም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ዛሬ የመጨረሻው ጨዋታችን ነው። የጋሸናውን ክለብ «መገንጠያ»ን ካሸነፍን ለዞኑ ውድድር ወልድያ እንሄዳለን። ከተሸነፍን ወይም አቻ ከወጣን የሙጃው ክለብ «ገብስ» ይሄዳል። በቃ፣ ሌላ ስሌት የለም።

ከሁላችንም ይበልጥ የጨነቀው አጎቴን ነው። ዕድሜው ሲጠየቅ «ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ» ይላል፤ በየትኛው በኩል እንደሆነ አይናገርም። ድሮ ፈጣን ነበር ይላሉ፤ ማን እንደሚል ግን አላውቅም፣ እኔ የሰማሁት ከእሱ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው ጠጠር ላይ ነው። ጉልበቱንና ክርኑን ብታዩት እንደ ላስታ መንገድ ነው፣ ጠባሳው በጠባሳ ላይ ይጠማዘዛል። ወልድያ ያለው ትልቁ ስታዲየም ግን ሣር አለው። እውነተኛ፣ የሚታጨድ ሣር። አጎቴ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው።

«አንድ ቀን እንኳን ሣር ላይ ልውደቅ» ይላል። «ጠልፈው ይጣሉኝ፣ አልቆጣም። ተንከባልዬ እነሳለሁ፣ ከዚያ ጫማዬን እሰቅላለሁ።»

ዘንድሮ ካልሆነ አይሆንም። መምህር ካሳሁን ለከርሞ ልጅ ልጆቹን እንደሚያሰልፉ ነግረውታል። ሲነግሩት ትከሻውን ይዘው ነበር፤ ትከሻ ተይዞ የሚነገር ነገር ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ፀሐይ ስትወጣ፣ ነአኩቶ ለአብ

ገና ከከተማ ከመውጣታችን «እንቁም!» ተባለ። ነአኩቶ ለአብን ሳይሳለሙ ማለፍ አይሆንም። ከመንገዱ ወርደን ዋሻ ውስጥ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል ጠብ ጠብ ይላል፤ ተጫዋቾቻችን ነጠላ በቁምጣ ላይ ጣል አድርገው ተሰልፈዋል። ከፊት ሲታዩ ዲያቆን፣ ከኋላ ሲታዩ አጥቂ።

ሰይድ ሙስሊም ስለሆነ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። ጓንቱን ግን በጓደኛው እጅ ልኳል።

«አብሽር፣ ለጓንቱ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም» አለ።

አንድ አባት መስቀላቸውን ይዘው መጡና ሁሉንም እየዳሰሱ ረጩ፤ ጓንቱንም ረጩ። ከዚያ ፈገግ አሉና «የጋሸና ልጆችም ትናንት መጥተው ነበር» አሉ።

ጠበሉ ጠብ ጠብ ይላል።

«አባታችን» አሉ መምህር ካሳሁን፣ «ለእነሱ ምን ብለው ጸለዩላቸው?»

«በሰላም ግቡ ብዬ ነዋ።»

«ለእኛስ?»

«ለእናንተም እንደዚያው። ጎል የምትሉትን እኔ አላውቀውም። እሱን እዚያው ተነጋገሩበት።»

አጎቴ ቀስ ብሎ ወደኋላ ቀረና ለብቻው አንድ ጊዜ እንዲረጩት ለመናቸው። ጉልበቱን ነበር የሚያሳያቸው። አባታችን ጉልበቱን አይተው «ይኼስ ብዙ ይፈልጋል» ብለው እፍኝ ሙሉ ደፉበት።

ረፋዱ ላይ፣ ከሹምሸሃ በላይ ያለው ዳገት

እስከ ሹምሸሃ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አቧራው በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም አንድ ዓይነት መልክ ሰጠን። ደረቅ ወንዝ፣ ቁልቋል፣ አህያ የምትነዳ ልጅ፣ ጥላ ዘርግቶ በእግሩ የሚገሰግስ ቄስ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ የሹፌራችን ነገር ግራ ያጋባን ጀመር።

ጋሽ አራጋው ይባላል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በአንደኛ ማርሽ ይሄዳል። ሜዳ በሆነው ቦታም በአንደኛ ማርሽ ይሄዳል። ይቆምና ይወርዳል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ጎማውን ትንሽ ያየዋል፣ ይመለሳል። ተራራው ጥግ ላይ ደግሞ ስልኩ ጮኸ።

«አቤት... አዎ... ገና ነን፣ ዳገቱ ላይ... አይዞሽ፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

አጎቴ ከኋላ ተነስቶ፣ የሰው እግር እየረገጠ፣ እስከ ሹፌሩ ወንበር ድረስ መጣ።

«ጋሽ አራጋው፣ አገርዎ የት ነው?»

«እናቴ የላስታ ሰው ናት።»

«አባትዎስ?»

«ሾፌር እየነዳ አያናግሩትም።»

«ጋሽ አራጋው!»

ሰውዬው መሪውን ጨበጥ አደረገና በጣም በቀጭን ድምፅ «ሙጃ» አለ።

በዚያች ሰዓት መኪናው ውስጥ የሆነውን ብትሰሙ! «ተሸጥን!» «ውረዱ፣ በእግራችን እንሄዳለን!» «ማነው ይኼን መኪና የተከራየው?» መምህር ካሳሁን ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የተከራዩት እሳቸው ናቸው። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ዘግይተን ከደረስን ፎርፌ ነው። ፎርፌ ማለት ደግሞ ሙጃ ይጨፍራል ማለት ነው።

«የደወለችው ሚስቴ ናት!» አለ ጋሽ አራጋው። «ዳገት ላይ አትፍጠን የምትለኝ። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ሰው አደርሳለሁ። ልቤ የት እንዳለ የእናንተ ጉዳይ አይደለም፣ ሻንጣ አይደለም፣ አልጫንኩትም!»

አጎቴ አላመነውም። የማሊያውን ኬሻ ከአጠገቡ አጋድሞ ተቀመጠበትና እስከ ጋሸና ድረስ መንዳት ሲያስተምረው ሄደ።

«ሁለተኛ አስገባ... አሁን ሦስተኛ... ኧረ ሦስተኛ!»

«ሦስት ጎማ የሚነዳ ሰው ለእኔ ሦስተኛ ያስገባልኛል?»

«ሦስት ጎማ በእኔ እጅ ከአንተ ስድስት ጎማ ይፈጥናል!»

ይኼ ጭቅጭቅ አላለቀም፣ ግን ጠቅሞናል። ሁለቱ ሲበሻሸቁ መኪናው ሳይታወቀው ፈጠነ።

ላይ ስንወጣ አየሩ ተለወጠ። ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ክምር፣ በጎች፣ ጋቢ ውስጥ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው። መስኮት የሚዘጋ ሰው ጠፍቶ ሁላችንም ጥርሳችንን እያንቀጫቀጭን «አልበረደኝም» እንባባላለን። እኔ የሰይድን ትርፍ ሹራብ ለብሻለሁ፤ እጅጌው ሲንጠለጠል መጻፊያዬን አጣሁት።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ጋሸና

ጋሸና መገንጠያ ከተማ ነው። ከባድ መኪኖች ከግራም ከቀኝም ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹ ጎማ ሥር ቁጭ ብለው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳዋል። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የሚሸጡ ልጃገረዶች መኪናችንን ከበቡት፤ ሦስቱ ድንች በሃያ ብር። እጃችን ወደ ድንቹ ሲዘረጋ መምህር ካሳሁን በሩ ላይ ተገተሩ።

«ማንም ድንች እንዳይነካ! የጋሸናን ነገር ረሳችሁት?»

አልረሳነውም። ጋሸና የመጣን ቡድን ከጨዋታ በፊት ሳያበላ ሜዳ አያስገባም። እዚህ ተጫውቶ የተመለሰ ቡድን ስለ ጎሎቹ አያወራም፣ ስለ ወጡ ነው የሚያወራው። አንድ አጥቂ የማዕዘን ምት ሲጠብቅ ቆሞ አንቀላፋ የሚባለውም እዚህ ነው።

«ጾም ላይ ነን እንበል» አለ አንዱ።

«እሑድ ነው፣ ምን ዓይነት ጾም ነው?»

«ሆዳችንን አሞናል እንበል።»

«አሥራ አራታችንንም?»

ሳንስማማ የመኪናው በር ከውጭ ተከፈተ። ጋሽ ይመር ናቸው፣ የመገንጠያ ክለብ ሰብሳቢ። ሰፊ ትከሻ፣ ነጭ ጋቢ፣ እንደ ምጣድ የሰፋ ፈገግታ።

«እንዴት ያለ ቀን መጣችሁ! ዛሬ እኮ የገብርኤል ዝክሬ ነው። ግቡ፣ ግቡ፣ በሞቴ!»

«ጋሽ ይመር፣ ተጫዋቾች ናቸው፣ ቀለል ያለ ነገር ቢሆን...» አሉ መምህር ካሳሁን።

«ቀለል ያለ ነው። ሁለት በግ ብቻ ነው።»

ዳሱ ውስጥ ስንገባ የሽንኩርቱና የቅቤው ሽታ ተቀበለን። ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ቅቅል፣ ትራስ የሚያህል ድፎ ዳቦ። የመገንጠያ ተጫዋቾች ግን የዳሱን ምሰሶዎች ተደግፈው ቆመዋል፣ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው እንደ አስተናጋጅ። እነሱ ጠዋት በሶ ብቻ ቀምሰው ነው የመጡት፤ ዓይናቸው ይሳሳል፣ እግራቸው ግን ቀሏል።

ከእኛ መሃል የተረጋጋው ሰይድ ብቻ ነበር። የክርስቲያን ሥጋ ስለሆነ አይበላማ! «ዛሬ ቡድኑን የማድነው እኔ ነኝ፤ እናንተ ብሉ» እያለ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ያኔ የዳሱ መጋረጃ ተገለጠና የጋሽ ይመር ጎረቤት እትዬ ዘሃራ ገቡ፤ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ትሪ ተሸክመዋል።

«የታለ የእኔ ልጅ? የእስላም ልጅ ጦሙን ይዋል እንዴ በጋሸና?»

ሰይድ ወደ ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ።

«አብሽር ልጄ፣ ለአንተ ብቻ ነው የታረደው። ዶሮዋ ሙሉዋ ያንተ ናት።»

«እትዬ፣ እኔ በረኛ ነኝ...»

«ታዲያ በረኛ አይደለህ? አትሮጥ! ብላ!»

ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። መምህር ካሳሁን ግን በድንገት ተነሱ። እጃቸው ታጥቧል፣ እንጀራው ፊታቸው ነው፤ ግን አልቀመሱም።

«ጋሽ ይመር፣ እግዜር ይስጥልን። እኛ ግን ባለቤቱ ሳይቀምስ የሚበላ እንግዳ አይደለንም። የእናንተ ልጆች ቆመው እኛ ተቀምጠን? ነውር ነው። ልጆችዎ ካልቀረቡ እኛም አንነካም።»

ለዝክሩ የተጠሩት ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና «እውነቱን ነው» አሉ። «ልክ ነው፣ እንግዳ ብቻውን ይበላል እንዴ?» ጋሽ ይመር አንዴ ተጫዋቾቻቸውን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ በጉን አዩ። ሰው ፊት ምን ይላሉ? ፈገግታቸው ትንሽ ጠበበ።

«ቅረቡ» አሉ።

መገንጠያዎች መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀጥሎ ደስ ብሏቸው ቀረቡ። ከዚያ ጦርነቱ ተጀመረ። የእኛ ሰው ያጎርሳል፣ የእነሱ ሰው ይመልሳል። «አፈር ስሆን ይቺን!» «አንተ ራስህ አፈር ስሆን!» ከአጎቴ ፊት ለፊት የተቀመጠው ደሳለኝ የሚባል የመገንጠያ ተከላካይ ነበር፤ እንደ በር የሰፋ፣ ከአጎቴ ጋር ለዓመታት ሜዳ ላይ ሲገፋፋ የኖረ።

«ሞላ፣ ይቺን ቅልጥም ከእኔ እጅ።»

«ደሴ፣ ከሆነስ ይቺን ጎድን ከእኔ።»

«ወዳጄ፣ አሁን ደግሞ ዱለቱን።»

«የኔ ወንድም፣ ዱለቱን በዳቦ።»

እየተሳሳቁ ይገዳደሉ ነበር። ከወልድያ የመጣው ዳኛም በመሃል ተቀምጧል፤ ገለልተኛ ስለሆነ ከሁለቱም ወገን ጎረሰ። እኔም ለታሪክ ስል ቀምሻለሁ። ለታሪክ ስል ደግሜያለሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ የጋሸና ሜዳ

ሜዳው ከከተማው በላይ ነው፤ ጠጠርና ነፋስ። ሁለቱ ቡድኖች ወደዚያ የሄዱት በሰልፍ ነው፣ ግን እንደ ቀብር ሰልፍ ቀስ ብለው። አንዱ ማሊያውን ሲለብስ ሆዱ ላይ ቀረበት። የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ያለ ሌላው ተጫዋች «አልችልም፣ እሰሩልኝ» ብሎ ተመለሰ፤ እኔ አሰርኩለት።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ከፊሽካው ቀድሞ ግሳት ወጣ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ግን ወጣ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ከልማድ ሮጠ። ትንሽ ነው፤ አንድ ባጃጅ ለመነሳት የሚፈጅባትን ያህል። ከዚያ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። ኳሷ ወደ ሰው ካልመጣች ሰው ወደ ኳሷ አይሄድም። ዳኛው መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ በጣቱ ብቻ ያጫውታል። «ከጨዋታ ውጪ!» ሲል «አላየህም!» ይሉታል፣ «ተሰምቶኛል» ይላል። ሰይድ ቋሚውን አቅፎ ቆሟል። ከዚያኛው በኩል የመገንጠያው በረኛም ቋሚውን አቅፏል። ሁለቱ ከሩቅ ሲተያዩ ያሳዝናሉ።

«ተነሱ እንጂ! ሰርግ ቤት ነው እንዴ?» ይላል ተመልካቹ።

«ተዋቸው፣ ወጡ ይርጋላቸው!» ይላል ሌላው።

በዚያ ሁሉ ሜዳ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከሙጃ ጨዋታውን ሊሰልሉ የመጡ ናቸው። ማንም አላበላቸውማ! ከመስመሩ ዳር ወዲያና ወዲህ እየሮጡ «አቻ! አቻ! አቻ!» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ሆኑ። ሦስተኛው ጋሽ አራጋው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ያውለበልባል።

እረፍት ላይ መምህር ካሳሁን ተጫዋቾቹን ሰበሰቡ። ሁሉም ተኝቷል።

«ልጆች፣ አቻ ማለት ለእኛ ሽንፈት ነው። አንድ ጎል! አንድ ጎል ብቻ! ማን መሮጥ ይችላል?»

ማንም እጁን አላነሳም። አጎቴ ብቻ ቁጭ ብሎ ሜዳውን ያይ ነበር። ፊቱን ሳየው ወልድያ፣ ሣሩ፣ ሁሉም ነገር ቅልጥም ሆኖ ሆዱ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበው።

«መምህር» አለ፣ «ዛሬ ሁሉም እንደ እኔ ነው።»

«እንዴት?»

«እኔ እኮ መሮጥ ካቆምኩ ቆየሁ። እነዚህ ዛሬ ገና መጀመራቸው ነው፤ አልለመዱትም።»

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ልብ ብዬ አየሁት፤ ልክ ነው! ወጣቶቹ ኳስ ሲመጣ እግራቸው የለመደውን ያህል ለመሮጥ ይነሳል፣ ሆዳቸው ይከለክላል፣ መሃል ላይ ተንገዳግደው ይቀራሉ። አጎቴ ግን አይነሳም። ኳሷ የምትመጣበት ቦታ ቀድሞ ቆሟል። ኳሷ ትመጣለች፣ ያቆማታል፣ በውስጥ እግሩ ይሰጣል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ትመለስለታለች። ለዓመታት በዝግታው የተሰደበ ሰው ዛሬ ሃያ ሁለቱንም በራሱ ፍጥነት ያጫውታል።

ሊያልቅ ሲል፣ የሙጃ ሰዎች መዝፈን ሲጀምሩ፣ አጎቴ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ አገኘ። የሚያቀብለው ሰው ፈለገ፤ አጥቂያችን ቁጢጥ ብሎ ሆዱን ይዟል። ስለዚህ ኳሷን ገፋ አደረገና ወደ ጎሉ መሄድ ጀመረ። ሄደ ነው የምላችሁ። እየተራመደ።

ደሳለኝ አጠገቡ ደረሰ። እሱም እየተራመደ። ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፤ መስመሩ ዳር ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁ።

«ሞላ፣ ወዴት ነው?»

«ወደዚያ ነው» አለ አጎቴ ጎሉን በአገጩ እያሳየ።

«ተው እንጂ። አሁን አብረን አልበላንም?»

«ታዲያ አብረን እንሂዳ።»

«ልጠልፍህ እችላለሁ።»

«እግርህን ካነሳህ ጥለፈኝ።»

ደሳለኝ እግሩን ሊያነሳ ሞከረ። ግማሽ ድረስ ተነሳችና ተመለሰች። ሌላ ተከላካይ ከጎን መጣ፣ ጉልበቱን ይዞ ቆመ፣ «ግፋበት ወንድሜ» አለ። ተመልካቹ ሁሉ ተነስቷል። ከጫማቸው ሥር ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። በረኛው ቋሚውን ለቀቀና ኳሷ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ብሎ ቀረ፤ ቀና ማለት አልቻለም። አጎቴ በጎኑ ዞሮ፣ «ይቅርታ» ብሎት፣ ኳሷን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት። ተንከባለለች፣ ጠጠር መታት፣ አሰበችበት፣ ገባች።

ጎል! ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ የሰይድን ሹራብ እጅጌ ነከስኩ። ተጫዋቾቻችን ሊያቅፉት ተነሱ፤ እስኪደርሱለት ድረስ ቆሞ ጠበቃቸው። መጀመሪያ ያቀፈው ግን ደሳለኝ ነው፤ ቅርብ እሱ ነበራ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ፤ ዳኛውም ለመቀመጥ ቸኩሎ ነበር።

የሙጃዎቹ ዘፈን መሃል ላይ ተቋረጠ። ጋሽ አራጋው ኮፍያውን መልሶ ደፋና «ስለ እናቴ ደስ ብሎኛል» አለ።

ጋሽ ይመር መጥተው መምህር ካሳሁንን ጨበጡ።

«በራሳችን በግ አረዳችሁን» አሉ።

«ጋሽ ይመር፣ አሁን አልቋል፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰው የሚያበሉት ለማሸነፍ ነው አይደል?»

«ተሳስተሃል» አሉ። «እኛ እንግዳ የምናበላው ለማሸነፍ አይደለም። እንግዳ ስለምናበላ ነው የምናሸንፈው። ለማንኛውም ለመንገድ ትንሽ ዳቦ ቋጥረንላችኋል።»

ማምሻውን፣ ወደ ቤት

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከእኔና ከጋሽ አራጋው በቀር ሁሉም ተኝቷል ብዬ ሳስብ አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጸዱ፣ ስትጽፊው... ሮጠ በይ።»

«አልሮጥክማ ጋሼ።»

«ሮጥ ሮጥ አለ በይ።»

«አላልክም!»

«እሺ፣ ሶምሶማ።»

«ሶምሶማም አልነበረም። የገበያ አካሄድ ነው የሄድከው።»

በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ «ወልድያ ሣሩን ያጠጡታል እንዴ? እርጥብ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። «እርጥብ ቢሆን ደስ ይለኛል» አለና ተኛ።

ላሊበላ ስንገባ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ደርሳለች። ወሬው በስልክ ቀድሞናል፤ ሰፈራችን በር ላይ ወጥቷል። የአጎቴ ልጅ ማህሌት፣ ገና አንደኛ ክፍል ናት፣ መኪናው ሳይቆም ሮጣ መጣች።

«አባዬ! አንተ ነህ አሉ ያገባኸው!»

«እኔ ነኝ።»

«ሮጠህ ነው?»

አጎቴ አየኝ። ተጫዋቾቹ ሁሉ አዩኝ። መምህር ካሳሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ደግሞ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ውሸት አልጽፍም፣ አልናገርምም። ወደ ማህሌት ጎንበስ አልኩ።

«ማሂ፣ ስሚኝ። ደሳለኝ የሚባል እንደ በር የሰፋ ሰው ከመሃል ሜዳ ጀምሮ ከአጠገቡ አልተለየም። ሌሎችም መጡ። በረኛውም ወጣ። አንዳቸውም ሊያስቆሙት አልቻሉም።»

ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ዞራ ወደ ሰፈሩ ሮጠች። «አባዬን ማንም አይዘውም! አባዬን ማንም አይዘውም!» እያለች በየበሩ ትጮኻለች።

«ኧረ ማህሌት፣ ተይ፣ ይስቁብኛል!» ብሎ አጎቴ ከኋላዋ ሄደ። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ተከተላት፤ አልደረሰባትም።